የቢላዋ ስለት ውድድር፦ ከሞራሌ እስከ ቀሰም

በዛሬው ዓምዳችን በእኛ የስፖርት ሜዳ ብዙም ስላልተለመደ አንድ የውድድር ዓይነት እናወጋችኋለን። ውድድሩ በቢላዋ የሚደረግ ነው። ሆኖም ሰው ከሰው ጋር የሚፋለምበት አይደለም፤ ተወዳዳሪው የሚገጥመው እንጨትን፣ ገመድን፣ ውሃ የተሞላ ጠርሙስንና የለስላሳ መጠጫ ቀሰምን ነው። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። «የቢላዋ ውድድር» በተባለ ቁጥር ከአድማጩ ፊት ድቅን የሚለው ጠብ እንጂ ስፖርት አይደለምና።

የውድድሩ መነሻ አሜሪካ ሲሆን፣ ሥሩ የሚገኘው በብረት ቀጥቃጮች ፈተና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የሜሪላንዱ ቢላዋ ሠሪ ዊልያም ሞራን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአሜሪካ የስለት ቀጥቃጮች ማኅበርን አቋቋመ። ማኅበሩ ተለማማጁን ወደሚቀጥለው የሙያ ማዕረግ ከማሳደጉ በፊት ቀጥቅጦ ባወጣው ቢላዋ ይፈትነዋል። ቢላዋው ስለቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ ከነእጀታው ከ38 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም ከ5 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ተፈታኙ በመጀመሪያ ከላይ ብቻ ታስሮ የተንጠለጠለና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ቀጥሎ 38 በ89 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የእኛን ሞራሌ የሚመስል እንጨት ሁለት ጊዜ ከትክቶ ይለያል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያው ስለት፣ ሳይሳል፣ የክንድን ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ይጎበጣል፤ ከተሰበረ ተፈታኙ ወደቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ለማለፍ አንፈልግም። በሀገራችን ወናፍ የሚነፋና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን እያቀረበ በአጸፋው ስድብን ሲቀበል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ የሀገር ጉዳት መሆኑን ስላዩ ነው። በሌላው ዓለም ይኸው ሙያ በአደባባይ ይፈተናል፤ ለባለቤቱም ማዕረግ ያሰጣል። ንጽጽሩን ለአንባቢ እንተዋለን።

ከፈተናው ውድድር ተወለደ። ብሌድስፖርትስ የተባለው ማኅበር ደንብ አውጥቶ፣ ዳኞችን መድቦ፣ ስፖርቱን በሥርዓት መርቶታል፤ በጆርጂያ፣ በአትላንታ ከተማ በሚደረገው ታላቅ የቢላዋ ትርኢት ላይም ተመልካች ተሰብስቦ ሲያየው ቆይቷል። ተወዳዳሪው የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች በተከታታይ ይዘጋጃሉ። ሞራሌ ይከትታል፣ የተንጠለጠለ ገመድ ይቆርጣል፣ በእኛ ዘንድ «ሃይላንድ» የምንላቸውን ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይቀላል፣ የጎልፍ ኳስ ለሁለት ይከፍላል፣ የለስላሳ ቆርቆሮና የቆመ ቀሰም ይቆርጣል። የሚመዘነው በፍጥነትና በቁርጡ ትክክለኛነት ነው።

የጨዋታው ምሥጢር በሁለቱ ጫፎች፣ በሞራሌውና በቀሰሙ መካከል ይገኛል። ሞራሌ ክብደትና ጉልበት ይፈልጋል፤ ብልሁ ተወዳዳሪ ግን ጉልበቱን በከንቱ አያፈስም። እንደ ጥሩ እንጨት ፈላጭ አንዱን ምት ከቀኝ፣ ሌላውን ከግራ አጋድሞ ስንጣሪውን እያስፈነጠረ ይገባል። ቀሰሙ ደግሞ በእስትንፋስ የሚወድቅ ቀላል ነገር ነው። ስለቱ ጥቂት እንኳ ከዶለዶመ ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስለዚህ እንጨት የደበደበው ያው ስለት ወዲያው ምላጭ ሆኖ መገኘት ይኖርበታል።

ይህ እንዲሆን ብረቱ ሁለት የማይስማሙ ጠባዮችን ማስታረቅ አለበት። አንዱ ጠጣርነት ነው፤ ስለቱ እንዳይታጠፍና ቶሎ እንዳይዶለድም ያደርገዋል። ሌላው አይሰበሬነት ነው፤ ምት ሲያርፍበት እንዳይሸረፍ ይጠብቀዋል። አንደኛው ሲጨምር ሁለተኛው ይቀንሳል። አዲስ ሞረድ እጅግ ጠጣር ነው፤ ነገር ግን ከድንጋይ ወለል ላይ ሲወድቅ እንደ ሸክላ የሚሰበርበት ጊዜ አለ።

ለመኪና ባሌስትራ ከሚውሉት ብረቶች አንዱ በመለያ ቁጥሩ 5160 ይባላል፤ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም አለበት። በአሜሪካ ቀጥቃጮች ዘንድ የተወደደ ነው፤ የእኛ ቀጥቃጮችም ገጀራና ቢላዋ ከአሮጌ ባሌስትራ ሲሠሩ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ይህ ብረት ማግኔት የማይዘው እስኪሆንና ከዚያም ጥቂት አልፎ እስኪግል ድረስ ይሞቃል፤ ከዚያ ዘይት ይጠጣል። ዘይት እንደ ጠጣ ቢተው ተሰባሪ ስለሚሆን፣ እንደገና በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ይህን ሁለተኛ ሙቀት የዘለለ ቀጥቃጭ መልኩ ያማረ፣ ጠባዩ ግን ክፉ የሆነ ቢላዋ ያስረክባል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ዘመን ሸክም የተሸከመ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በውድድሩ ሜዳ ስም ያተረፈው ግን ኤም 4 የተባለው ብረት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ብረትን ራሱን ለሚቆርጡ የፋብሪካ መሣሪያዎች ነበር። ካርቦኑ 1.4 ከመቶ፣ ቫናዲየሙና ክሮሚየሙ እያንዳንዳቸው 4 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ቱንግስተንና ሞሊብዲነም ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ5 ከመቶ በላይ ናቸው። የቀለጠው ብረት በጋዝ ግፊት ተረጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ በሙቀትና በኃይል ተጨምቆ መልሶ አንድ ይሆናል። እመቤቶች ነገሩን ከሊጥ ጋር ቢያመሳስሉት አይሳሳቱም። ጓል ያለበት ሊጥ እኩል አይበስልም፤ በደንብ የታሸ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። በብረቱ ውስጥ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶችም እንዲሁ ደቅቀውና እኩል ተሰራጭተው ስለሚገኙ ስለቱ ቀጭን ሆኖ ሳይሸረፍ ይቆያል። ክሮሚየሙ አነስተኛ በመሆኑ ግን ይዝጋል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ሩብ ሜትር የሚያህል ምላጭ በሙሉ ክንድ ሲወነጨፍ፣ ከእጅ ካመለጠ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። በዚህም ምክንያት ብሌድስፖርትስ አዲስ ተወዳዳሪን መጀመሪያ ያሠለጥናል፤ የእጅ ማሰሪያ ገመድ የሌለው ቢላዋም ወደ ሜዳ አይገባም። የማሰሪያው ርዝመት ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። አጭር ከሆነ ቢላዋው ከመዳፍ አይርቅም። ረጅም ከሆነ ግን ያመለጠው ቢላዋ እንደ ወንጭፍ ዞሮ የባለቤቱን አንጓ ይመታል፤ እንዲህ ያለው ማሰሪያ ባይኖር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህን የመሰለ ውድድር «ናይፍ ኦር ዴዝ»፣ ማለትም «ቢላዋ ወይስ ሞት» በሚል ስም ቀርቦ ነበር። ትርኢቱ ተመልካች አላጣም፤ ስሙን ግን አልወደድንለትም።

በበዓል ቀን በካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድድር ቢደረግስ የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ የእኛ አቋም ይህ ነው። በገመድ ብቻ ይጀመር። ከላይ የታሰረ የቃጫ ገመድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቆራጭ፣ አንድ ዳኛ። ተመልካቹ ከቆራጩ ጀርባና ከምቱ አቅጣጫ ውጭ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሕፃናት ከገመድ አጥር ወዲህ አይለፉ። ባዶው እጅ ከምቱ መንገድ ውጭ ይሁን፤ የምቱ መጨረሻም ወደ ገዛ እግር አይምጣ። ላብ ያረጠበው እጀታ ሳይደረቅ ሁለተኛ ምት አይፈቀድ። የወደቀ ቢላዋን ለመያዝ ማንም አይሞክር፤ እጁን ወደ ላይ፣ እግሩን ወደ ኋላ ያድርግ። የክላሽንኮቭ ሳንጃ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። የተሠራው ለመውጋትና ከአፎቱ ጋር ተጋጥሞ ሽቦ ለመቁረጥ ነውና ገመድ አይሆንለትም። ከሁሉም በላይ የመንግሥት ንብረት ነው። ሽልማት ከተዘጋጀም እኩሌታው ቢላዋውን ለሠራው ቀጥቃጭ ቢሰጥ ደስ ይለናል።

አደጋ ከደረሰ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይቀድማል። ደሙ እየተረጨ በጫና ካልቆመ፣ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ማሰሪያ አስሮ፣ የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። የተሰካ ስለት አይነቀልም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ።

ለቤተሰብ ማዕዘናችን የቀረው ጥቂት ነው። በብዙ ወጥ ቤቶች የሚፈራው የተሳለ ቢላዋ ነው፤ እኛ ግን የምንፈራው ዱልዱሙን ነው። ዱልዱም ቢላዋ በሽንኩርቱ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፣ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይሉም በመጨረሻ የሚያርፈው በጣት ላይ ነው። ቁርጥ በሚበላበት ማዕድ፣ ሥጋው በጥርስ ተይዞ ስለቱ በከንፈር አጠገብ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ነገሩ የባሰ ይሆናል። ቢላዋ በሳሙና ውሃ ውስጥ ተደብቆ አይተው። ለሌላ ሰው ሲሰጥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሌላው ያንሣው። በመሳያ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ፊት እኩል ይታሽ፤ አንድ ወረቀት በአየር ላይ ተይዞ ሳይቀደድ ከተቆረጠ ይበቃል። ከዚያም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ልጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።