በአውራ ጣት የሚመረጥ መጋዝ

ቴሌግራም ላይ የዕቃ መሸጫ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ማስታወቂያውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ብርቱካናማ የሞተር መጋዝ፣ ከጎኑ ካርቶኑ፣ ከሥሩ ደግሞ «ኦሪጅናል የጀርመን! 62 ሲሲ! ጉልበቱ የአውሬ! ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን! ዋጋ በኢንቦክስ»። ጣውላ ሰንጣቂውም፣ ግቢዋ ውስጥ ሁለት ባሕር ዛፍ ያላት ጡረተኛም የሚጠሩት በዚሁ በአንድ ማስታወቂያ ነው።

የእኔ አቋም አጭር ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚቆርጥ ቤተሰብ የሚሻለው መጋዝ ትንሹ፣ ቅርብ የሚጠገነው እና ከነመከላከያ ልብሱ የሚገዛው ነው። ማስታወቂያው በጉልህ ከሚጽፋቸው ነገሮች ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ጉዳዩ የእናንተ የወጣቶቹ የሆነው ለምን መሰላችሁ? ዛሬ መጋዝ የሚመርጠው ስልክ ያለው ልጅ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር የሚሠራው ልጅ፣ ዱባይ ያለችው እህት፣ ዋሽንግተን ያለው አጎት ይዋጣሉ፤ «ለአባዬ እንግዛለት» ይባላል፤ አንዱ ስክሮል አድርጎ ይመርጣል። ዕቃውን ይዞ ዳገት ላይ የሚቆመው ግን አባትየው ነው፤ ብዙ ጊዜም ገና ጢም ያላበቀለው ታናሽ ወንድም። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በሰዓት ሲሰላ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የምርጫ ስህተት በመራጩ ስልክ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በቆራጩ እግር ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የሚቆረጠውን እንጨት እንይ። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ካወጣት ወዲህ በየገበሬው ጓሮ አለ። ለአጣና እና ለማገር የሚፈለገው ዛፍ ሳይወፍር፣ በጥቂት ዓመት ዕድሜው ነው የሚቆረጠው። አዊ ዞን ውስጥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስም እንዲሁ ቀጭን ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ግንድ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ሞተር፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት (ምላስ ልበለው) ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር ማለትም 14 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች ራሳቸው ለቤት ባለቤት ብለው የሚሠሩት በዚሁ ልክ ነው። የስቲል ኤምኤስ 170 ሞተር 30 ሲሲ፣ የሁስክቫርና 120 ማርክ 2 ደግሞ 38 ሲሲ ገደማ ነው።

«ትልቅ ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚጎዳው ክንድን ነው። በአፍሪካ ገበያ አስመስሎ የተሠራው የሞላውን ስቲል 070 ውሰዱ፤ 105 ሲሲ ነው፣ ክብደቱም ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ለግዙፍ ዛፍና ለባለሙያ ክንድ የተሠራ ማሽን ነው። ክንድ ሲደክም የምላሱ ጫፍ ይንከራተታል። የጫፉ የላይኛው ክፍል ሳይታሰብ እንጨት ሲነካ ደግሞ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት ይፈናጠራል። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ምላሱ በረዘመና ማሽኑ በከበደ ቁጥር ጫፉን መቆጣጠር ይከብዳል። አጣና ለመቁረጥ ይሄን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው፤ «እኛ ደጋ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ይደክማል፣ ስለዚህ ሲሲው ከፍ ይበል» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ወይ ከዚያ ከፍ ባለው ደብረ ብርሃን ላይ የሚቀነሰው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ግን ሞተሩን እጥፍ ማድረግ አይደለም። ካርቡራተሩ ለባሕር ጠለል አየር ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። አንድ የሚያውቅ መካኒክ በትንሽ ካቻቪቴ ያስተካክለዋል። ትልቁም ሞተር ካልተስተካከለ እንደ ትንሹ ይታፈናል። ሻጩን «ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ ታስተካክልልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የመጋዝ ነጋዴ መሆኑን ወይ ካርቶን አስተላላፊ መሆኑን ይነግራችኋል።

ስለ ሲሲው ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስቲከር ላይ የተጻፈውን ማመን ግዴታ አይደለም። መመሪያው ላይ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ ይጻፋል። ስፋቱን በራሱ፣ ከዚያ በፒስተኑ ጉዞ፣ ከዚያ በ0.785 አባዙት፤ በሚሊ ሜትር ከሆነ ውጤቱን ለ1000 አካፍሉ። 45.2 እና 36 ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ማሽን ወደ 58 ሲሲ እንጂ 62 አይመጣም። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ አይደል? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አራት ሲሲ ብትጎድል እንጨቱ አይከፋውም፤ በቁጥር የሚዋሽ ሻጭ ግን በሌላውም መዋሸቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ፤ «አስተማማኝ»። ብዙዎቻችን አስተማማኝ ማለት ስም ያለው ማለት ይመስለናል። እኔ ግን አስተማማኝ የምለው ሲበላሽ የሚመለስበት ቦታ ያለውን ነው። የማስነሻ ገመድ ይበጠሳል፣ ሰንሰለት ያልቃል፣ የአየር ማጣሪያ ይደፈናል፣ ካንዴላ ይቃጠላል። እነዚህን መለዋወጫዎች በአቅራቢያችሁ ያለ ከተማ ውስጥ ካላገኛችሁ የጀርመኑም የስዊድኑም መጋዝ የበር መደገፊያ ነው። አንድ ዘመዴ ቤት እንዲህ ያለ የበር መደገፊያ አለ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበታል፤ የማስነሻ ገመዱ በወሩ ተበጠሰ፤ የእውነተኛው ማሽን መለዋወጫ አልገጠመውም፤ የሸጠው ሰው ስልክ ደግሞ «አገልግሎት እየሰጠ አይደለም»።

ስለዚህ ብዙ ሰው የማይወድልኝን ነገር ልበል፤ ስሙን የማይደብቅ ርካሽ የቻይና መጋዝ በታወቀ ስም ከተሸፈነ ሐሰተኛ መጋዝ ይሻላል። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ መለዋወጫውም በስሙ ይፈለጋል። ሁለተኛው ግን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የሚገጥመውም አይታወቅም። አቅም ካለና ፈቃድ ያለው ወኪል ቅርብ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ከወኪሉ ግዙ። «የጀርመን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስቲል ራሱ አሜሪካ፣ ብራዚልና ቻይና ውስጥ የራሱ ፋብሪካዎች አሉት። ማስረጃው የማሽኑ መለያ ቁጥርና የወኪሉ ደረሰኝ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። አሜሪካና ካናዳ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ቤት መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር ሳይኖር ከተሰካ ይቃጠላል። የባትሪውን መጋዝ ቻርጀርም ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። በአውሮፕላን ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ ደግሞ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። 36 ቮልት ባለ 4 አምፔር ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከ100 በላይ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ160 ካለፈ በመንገደኛ ሻንጣም በእጅም አይገባም። በሌላ በኩል መብራት ያለው የከተማ ግቢ ውስጥ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ በገመድ የሚሠራ የ220 ቮልት መጋዝ ጥሩ ምርጫ ነው። ካርቡራተር የለውም፣ ቤንዚን ፍለጋ የለም፣ ስድስት ወር ቆሞ ቢነሳ አያኮርፍም። ገመዱ ወፍራም ይሁን፤ ዝናብ ላይም አይሠራበትም።

የቤንዚኑን መጋዝ በትንሽ ሥራ የሚገድለው ግን ራሱ ትንሽ ሥራ መሆኑ ነው። በየቀኑ የሚሠራ መጋዝ ቤንዚኑን ይጨርሳል፤ በዓመት ሁለቴ የሚነሳው ግን ሰልባትዮው ውስጥ አሮጌ ቤንዚን ይዞ ይከርማል። ወር አልፎት የከረመ ቤንዚን እየተበላሸ ካርቡራተሩን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍነዋል። ሥራ ሲያልቅ ቤንዚኑን አውጥታችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፤ በቃ። ድብልቁ ላይም ቀልድ የለም። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው፤ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። ዘይት የሌለው ቤንዚን ከተሞላ ደግሞ ፒስተኑ ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል፤ ዋስትና የሚሉት ነገርም አብሮ ያልቃል።

ሱቅ ስትሄዱ ወይም በቪዲዮ ስታዩ አራት ነገር አስደርጉ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳ። ጋዝ ሳይሰጠው ሲቆም ሰንሰለቱ አይዙር። ከዚያ ጋዝ ተሰጥቶት ሰንሰለቱ ሲዞር የፊቱ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ወዲያው ይቁም፤ ያ የሰንሰለት ፍሬን ነው፣ መጋዙ ሲፈናጠር ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። በመጨረሻ የምላሱን ጫፍ ሳያስነኩ ወደ ካርቶኑ አስጠግተው ጋዝ ይስጡት፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ ሰንሰለቱ ዘይት አያገኝም። ሻጩ «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ስለትም ላንሳ። የደነዘዘ ሰንሰለት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ከእንጨቱ ቅርፊት ቅርፊት ነገር ሲወጣ ስለት አለው፤ ዱቄት ሲወጣ ደንዝዟል። የደነዘዘውን ሰው በጉልበት ይጫነዋል፣ አደጋውም ያኔ ይመጣል። ለሰንሰለቱ ልክ የሆነ ክብ ሞረድ እና አንድ ተጠባባቂ ሰንሰለት አብራችሁ ግዙ። ንጹሕ ቁርጥ ለባሕር ዛፉም ይጠቅማል፤ ልጡ ሳይላጥ ዝቅ ተደርጎና ዘመም ብሎ የተቆረጠ ጉቶ ውኃ አያቁርም፣ ደህና አድርጎ ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለመጋዝ የተዋጣውን ብር ሁሉ ለመጋዝ አታውሉት። ከሦስት አንዱን ለልብስ አስቀምጡ፤ የፊት መከላከያና የጆሮ መሸፈኛ ያለው ሄልሜት፣ ጫፉ ብረት የሆነ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ከተገኘም መጋዝ የሚከላከል የእግር ሽፋን። ሰንሰለቱ ሲነካው በውስጡ ያለው ረጅም ክር ተጎልጉሎ ጥርሱን ያንቀዋል። ብሩ ካልበቃ የሚቀነሰው ከሞተሩ ሲሲ ላይ ነው። ይህን ስናገር «ገበሬ ሄልሜት አድርጎ?» ብሎ የሚስቅ አለ። ሞተር ሳይክል ላይ ስናደርገው የሳቀብን የለም።

ከሁሉም በፊት ደግሞ መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። በዓመት አንድ ቀን የሚሆን ሥራ ካለ የሚያውቅ ቆራጭ በቀን ሒሳብ መጥራት ይረክሳል፤ መጋዙም ልምዱም የእሱ ነው። ቤት ላይ ወይም መብራት መስመር ላይ ያዘነበለ ዛፍ ከሆነማ የትኛውም አዲስ መጋዝ ባለሙያን አይተካም። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ዛፉን ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ወረዳውን ጠይቁ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ለሻጩ አትደውሉ፤ መጀመሪያ ለአባታችሁ ደውሉ። የዛፉ ውፍረት ስንት ነው? ቅርብ ያለው መካኒክ የትኛውን መጋዝ ይጠግናል? መጋዙን የሚይዘው ማነው፣ አብሮት የሚቆመውስ? እነዚህን ሦስት መልሶች ስታገኙ ማስታወቂያው ላይ ካሉት መጋዞች ብዙዎቹ ራሳቸው ከዝርዝራችሁ ይወጣሉ። የቀረውን ግዙለት፤ ከነሄልሜቱ።