ቺፕ ላይ የተሠራው ሥርዓት ቅጂ አይደለም

በሱፐርኮንዳክተር ሰርኪዩት ላይ ስለሚሠሩ ቶፖሎጂካዊ የኳንተም ሁኔታዎች በተወራ ቁጥር አንድ ፍርድ አብሮ ይነሳል፦ «ይኼ የኮምፒውተር ማስመሰል ነው፤ እውነተኛው ነገር ያለው ማዕድን ውስጥ ነው።» አላዋቂዎች ቢሉት በታለፈ። የሚሉት ግን የፊዚክስ ሰዎችም ናቸው።

ቶፖሎጂካዊ የሚባለው ሥርዓት በነጠላ ቅንጣቶች ሳይሆን በጠቅላላ ቁርኝታቸው የሚታወቅ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ቶሪክ ኮድ ልግባ። አሌክሲ ኪታዬቭ በ1997 ያቀረበው ይህ ሞዴል ቅንጣቶችን አራት አራት አድርጎ በአንዴ ያስተሳስራል። ተፈጥሮ ደግሞ የሚቀናት ጥንድ ጥንዱ ነው። እንግዲህ ቺፑ ላይ ያለው ቅጂ ከሆነ፣ ዋናውን ከየትኛው ድንጋይ ውስጥ ነው የምናወጣው?

በ2021 የጎግል ተመራማሪዎች ከሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የቶሪክ ኮዱን ሁኔታ ሲካሞር በተባለው ፕሮሰሰር ላይ፣ በ31 ኩቢቶች (የኳንተም ቢቶች) ሠሩት። ቁስ አቀዝቅዘው ሁኔታው በራሱ እስኪፈጠር አልጠበቁም፤ ኩቢቶቹን በተከታታይ የሎጂክ በሮች ደረጃ በደረጃ አቆራኟቸው። ከዚያ ፈተኑት። እርስ በርስ የሚዋሰኑ ክፍሎችን መርጠው የእያንዳንዱን ኢንትሮፒ ለኩ፤ ከድንበር የሚመጣው ድርሻ እርስ በርሱ እንዲጣፋ አድርገው ሲደምሩና ሲቀንሱ፣ ተራ ሁኔታ ቢሆን ዜሮ ይቀር ነበር። ቶፖሎጂካዊ ሥርዓት ካለ መቅረት ያለበት 0.69 ገደማ፣ ያውም በአሉታዊ ምልክት ነው። ያገኙትም ወደዚያ የቀረበ ቁጥር ነው። አንድን ኩቢት ለብቻው ዕድሜ ልክ ቢመረምሩት ይህን አይነግርም፤ ምስጢሩ ያለው በጠቅላላው ቁርኝት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ያስደንቀኛል፦ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ከሚነሱት፣ ኤኒዮን ከሚባሉት ቅንጣት መሰል ነገሮች አንዱን በሌላው ዓይነት ዙሪያ ሲያዞሩት የሞገዱ ምልክት ተገለበጠ። ኤኒዮን ማለት ይኼው ነው፤ ሌላ መታወቂያ የለውም።

ሥርዓቱ የሚታወቀው በቁርኝቱ ከሆነ፣ ቁርኝቱ ደግሞ ከተለካ፣ ምን ጎደለ? በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ጭስ አልነካውምና እንጀራ አይደለም እንደማለት ነው።

ተቃዋሚዎቹ ቺፑ ላይ ያለውን ሁኔታ ከመረበሽ የሚጠብቀው የኃይል ክፍተት የለም፣ በማይክሮሰከንዶች ይበተናል ይላሉ። ይበተን። ዕድሜው ማጠሩ ምንነቱን አይለውጥም፤ የማዕድኑስ ሁኔታ ሲሞቅ መች ይቆያል?

ይልቅ የማዕድኑን ወገን መዝገብ እንይ። በናኖ ሽቦ ውስጥ የማዮራና፣ ማለትም እንደ ኤኒዮን ይሠራል ተብሎ የሚጠበቀው ሁኔታ፣ ምልክት ተገኘ ብሎ በ2018 ኔቸር ላይ የወጣው ጽሑፍ በ2021 ተሰረዘ። በ2023 ደግሞ የጎግል ቡድን፣ የማዞር ቅደም ተከተላቸው ውጤቱን የሚለውጥ ኖን አቤሊያን ኤኒዮኖችን ሱፐርኮንዳክተር ቺፕ ላይ እርስ በርስ አዙሮ አሳየ። የምርምር በጀት የማከፋፍለው እኔ ብሆን የሽቦውን ድርሻ ዛሬውኑ ለቺፑ አዛውረው ነበር። ለኤኒዮን ሲባል ማዕድን የሚፈተሽበት ዘመን አብቅቷል።