ስለ ደላላው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጀልባው ጠይቁ

የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ ይህን ጽሑፍ ዛሬ አንብቡት። ለሳምንት አታቆዩት፤ ልጅ ከቤት የሚጠፋው በአንድ ሌሊት ነው።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ምልክት ያሳያል። ስልክ ሲደወልለት ከቤት ወጥቶ ማውራት ይጀምራል። በደንብ ይከታተለው የነበረውን ትምህርት ቸል ይላል። ያለችውን ጥቂት ንብረት፣ ሞባይልም ሆነ ልብስ፣ በርካሽ ይሸጣል። ከሰፈሩ ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ከሰሞኑ አልታዩም፤ የት እንደሄዱ ሲጠየቅ ነገሩን ያድበሰብሳል። ሰኞ ደግሞ «ባቲ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ይላል። በገበያው ግርግር መካከል ማን ወደ ኮምቦልቻ እንደተመለሰ፣ ማን ወደ ሚሌ እንደቀጠለ የሚቆጥር የለም። ስለ ገንዘብ ብትጠይቁት «አሁን የሚከፈል ነገር የለም፣ ስደርስ ነው» ይላችኋል።

ይህን የሰማ ቤተሰብ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ደላላው ማነው? ስንት ይፈልጋል? ሳዑዲ የሚቀበለው ዘመድ አለ? በረሃው ስንት ቀን ይፈጃል? እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ። ስለ አንድ ነገር ግን የሚጠይቅ የለም፤ ስለ ጀልባው። ስንት ሰው ይይዛል? ስንት ሰው ይጫንበታል? ማን ይነዳዋል? ሞተሩ መሐል ባሕር ላይ ቢቆም ምን ይደረጋል? በጨው ውሃ ላይ ጀልባ ተሳፍሮ የማያውቅ ልጃችን ሕይወቱን የሚያኖርበት ነገር ምን እንደሚመስል ሳናውቅ እንሸኘዋለን።

ባለመጠየቃችን የሚፈረድብን አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት። የምናውቀው ሰፊ ውሃ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ነው። እስከ 1990 ድረስ ከአሰብ ጭነት እያመጡ በኮምቦልቻ ያልፉ የነበሩ ሾፌሮች ባሕሩን በዓይናቸው አይተዋል፤ ከእነሱ ወዲህ ያደገው ትውልድ ግን ባሕርን የሚያውቀው በስልክ ምስል ነው። ደላላው ይህን ያውቃል። «ትንሽ ውሃ ናት፣ በጥቂት ሰዓት ትሻገራላችሁ» ይላል። በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ውሸቱ እውነት ይመስላል፤ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ ከምንጓዘው ብዙ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ጀልባዎቹ ሁልጊዜ በጠባቡ በኩል አያልፉም። ወሽመጡም የሕንድ ውቅያኖስና የቀይ ባሕር ውሃ የሚገፋፉበት፣ ነፋስ በሁለት የብስ መካከል ተጨምቆ የሚያልፍበት ቦታ ነው። በሐይቅ ዳርቻ ዋና የተማረ ልጅ እዚያ ያለውን ሞገድ አይቶት አያውቅም።

አሁን ይህን አስተያዩ። ዱባይ ወይም ጅዳ ያለ ሰው በባሕር ላይ ለመዝናናት የመጀመሪያ ጄት ስኪውን፣ ማለትም በውሃ ላይ የሚነዳ ሞተር ብስክሌት መሰል መሣሪያ፣ ሊገዛ ቢነሳ ብዙ ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚያየው ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው። አብዛኞቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አይጭኑም፤ ይህም በራሱ በመሣሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ይገዛል። ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ በእጁ አንጓ ላይ ያስራል። የጨው ውሃ ብረትንና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያን ስለሚበላ፣ ከባሕር በወጣ ቁጥር የሞተሩን ማቀዝቀዣ መስመር በንጹሕ ውሃ ያጥባል። የነፋሱን ትንበያ ያያል፣ ከዳርቻ ብዙ አይርቅም፣ መቼ እንደሚመለስ ለሰው ነግሮ ይወጣል። እንደ ዱባይ ባሉ ከተሞች ያለ ፈቃድ መንዳት ያስቀጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ነው።

የእኛ ልጅ በጅቡቲ፣ በኦቦክ ዳርቻ በሌሊት የሚያገኘው ጀልባ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። ክፍት ነው፤ ከእንጨት ወይም ከፋይበር የተሠራ፣ ለዓሣ ማጥመጃ ወይም ለዕቃ የታሰበ። ደላላው የሚያተርፈው በሰው ቁጥር ስለሆነ ጀልባው እስኪጠብ ድረስ ይሞላል።

እንዲህ የተጫነ ጀልባ የሚሰምጥበትን መንገድ እወቁ። ሰው በበዛ ቁጥር የጀልባው ጠርዝ ወደ ውሃው ይቀርባል፤ ባዶ ሳለ የማይደርስበት ሞገድ አሁን በላዩ ይገባል። የገባው ውሃ በወለሉ ላይ ዝም ብሎ አይተኛም። ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ወደዚያው ጎን ይሮጥና ይበልጥ ያጋድለዋል። ሰዉ ፈርቶ ሲነሳ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ጀልባው ይገለበጣል። ለዚህ ማዕበል አያስፈልግም፤ የሰው ድንጋጤ ብቻውን ይበቃል። ከነዳጅ ጀሪካን የፈሰሰ ቤንዚን ከጨው ውሃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ቆዳ ይልጣል። በጨው የተበላውና የማይታጠበው ሞተር ድንገት ቢቆም ጀልባው ጎኑን ለሞገድ ይሰጣል። ያኔ የሚጠራ ሬዲዮ የለም፣ ተለዋጭ ሞተር የለም፣ በዳርቻ ሆኖ የሚጠብቅ ሰውም የለም።

እነዚህ በወረቀት ላይ የቀሩ ስጋቶች አይደሉም። መጋቢት 30 ቀን 2016 በጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ከ60 በላይ ሰዎችን የጫነ ጀልባ ሰጥሞ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በዚያው አካባቢ 77 ኢትዮጵያውያንን የያዘ ሌላ ጀልባ ተገልብጦ ከ20 በላይ ሰው አለቀ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ደግሞ 260 ሰው የጫነ ጀልባ በየመን ዳርቻ ሲሰጥም ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተው 140 የገቡበት ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 በየመን አብየን ግዛት ዳርቻ የሰጠመው ጀልባ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ተሳፋሪዎችን ይዞ ነበር፤ ከ90 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። የ2016ቱ የጎዶሪያ ጀልባዎች የተነሱት ከየመን እንደነበር ልብ በሉ። ሰዎቹ መከራውን አይተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነበር። መሄጃው ጀልባ ቢያሻግር እንኳ መመለሻው በዚያው ዓይነት ጀልባ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ጨምሩበት። ነጂው ራሱ ተሳፋሪውን ወደ ባሕር ያስወርዳል። የጠረፍ ጠባቂ እንዳይዘው ሲል ጀልባውን ዳርቻ አያስጠጋም። ነሐሴ 3 ቀን 2009 በየመን ሻብዋ ዳርቻ አሻጋሪዎች ከ120 በላይ ወጣቶችን በግድ ወደ ውሃ አስወርደው 50 ያህሉ ሰጥመዋል። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደገለጸው የተሳፋሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 16 ዓመት ነበር። መስከረም 21 ቀን 2017ም ከየመን የተነሱ፣ 310 ሰው የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ተሳፋሪዎቻቸውን በጅቡቲ ኾር አንጋር አጠገብ ባሕር ላይ አራግፈው ቢያንስ 45 ሰው ሞተ። ቦታው ከዳርቻው 150 ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። ቀናት በበረሃ ተጉዞ፣ ተርቦና ተጠምቶ፣ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ውሃ ለተጣለ ሰው 150 ሜትርም ብዙ ነው። «ልጄ ዋና ይችላል» የምትሉ ወላጆች ይህን ቁጥር አትርሱት።

«ታዲያ እዚያ ደርሶ ጀልባውን ካልወደደው ይመለስ» የሚል ይኖራል። ይህን ማስጠንቀቂያ የምሰጣችሁ ለዚህ ነው። በኦቦክ ዳርቻ ምርጫ የለም። ልጁ እዚያ ሲደርስ «ስትደርስ ትከፍላለህ» የተባለው ዕዳ አንገቱ ላይ ታስሯል። ገንዘቡን የሚጠብቁ ሰዎች በዚህም በዚያም ዳር አሉ፤ አልሳፈርም ያለ ይደበደባል፣ ከታገተም ቤተሰቡ እንዲከፍል ይደወላል። ጨለማ ነው፣ ቋንቋው አይገባውም፣ የኋላው በረሃ ነው። ጀልባውን አይቶ እምቢ ማለት የሚቻለው እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ከቤት ሳይወጣ ብቻ ነው። ባቲን ካለፈ በኋላ የሚመርጡለት ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን ያዙ።

አንተ ለመሄድ ያሰብክ ወጣት፣ አንቺም እንዲሁ፣ ለደላላው እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡለት። ጀልባው ስንት ሰው እንዲይዝ ነው የተሠራው? በዚያ ሌሊት ስንት ሰው ይሳፈርበታል? ለእያንዳንዳችን የሕይወት አድን ጃኬት አለ? ዳርቻ ደርሼ ጀልባው ባይመቸኝ ሳልከፍል እመለሳለሁ? ልጅህን ወይም ወንድምህን በዚያ ጀልባ ትልካለህ? ከተቆጣ፣ ከሳቀ ወይም «አላህ ያውቃል» ብሎ ካለፈ መልሱን አግኝታችኋል። ስምንተኛ ክፍል ያለ ታናሽ ወንድማችሁ በዚያ ጀልባ ቢሳፈር ትፈቅዱ እንደሆነም ራሳችሁን ጠይቁ።

ወላጆች፣ ልጁን በቁጣ አትዝጉት፤ የተቆጡት ልጅ ምስጢሩን ለደላላው ይነግራል። የሦስት የቅርብ ጓደኞቹን ስምና የወላጆቻቸውን ስልክ ያዙ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው። ልጁ ከጠፋ «ምናልባት ዘመድ ዘንድ ነው» እያላችሁ ቀን አታሳልፉ። በዚያኑ ሰዓት ለፖሊስ ተናገሩ፣ ባቲና ሚሌ ያላችሁን ዘመድና ሾፌር ሁሉ ደውሉለት። ገና ኢትዮጵያ ውስጥ እያለ የሚሠራው ሥራ ከድንበር በኋላ አይሠራም። ጅቡቲ ከደረሰ ደግሞ በኦቦክ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የስደተኞች መቀበያ ማዕከል አለው። በፈቃዱ መመለስ የሚፈልገውን ይረዳል። ሳይሳፈር ይህን በስልክ የነገራችሁት ልጅ ሊመለስ ይችላል።

ሳዑዲ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእናንተ ቃል ከማንኛውም ስብከት በላይ ይሰማል። በጥሩ መኪና አጠገብ የተነሳችሁትን ፎቶ ስትልኩ የተሻገራችሁበትን ሌሊትም ተርኩ። ጎናችሁ ተቀምጦ ስለነበረውና ስላልደረሰው ልጅ ንገሩ። ለታናሻችሁ የመንገድ ሐዋላ ከመላካችሁ በፊት ያ ገንዘብ የየትኛውን ጀልባ ቦታ እንደሚገዛ አስቡ።

መምህራን፣ ኢማሞች፣ ካህናትና የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ማስጠንቀቂያው ከሬሳ ዜና በኋላ የሚደረግ ዱዓና ጸሎት ብቻ እንዳይሆን። ፈተና ከማለቁ በፊት፣ ከገበያ ቀን በፊት፣ ስለ ጀልባው በስሙ ጠርታችሁ አስተምሩ። በሰፈራችሁ ሰው የሚልከው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ታውቃላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ከባድ ወንጀል አድርጎታል። ደላላውን ማጋለጥ ሐሜት አይደለም።

የከተማችሁ አስተዳደርም ልጁ የሚሸሸው ከምን እንደሆነ ይወቅ። በ2014 ጦርነት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ሱቆች ሲዘረፉ የሥራ በሮች ተዘግተዋል፤ እንደገና የተከፈቱትም ሥራ ፈላጊውን ሁሉ አላስተናገዱም። ሕጋዊው የውጭ ሥራ ስምሪት ለወንዶች ልጆች ጠባብ ነው፣ ለሴቶቹም ከችግር የጸዳ አይደለም። ቢሆንም ስሙ የተመዘገበ ሠራተኛ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ የውል ወረቀት ይይዛል፣ የቪዛና የትኬት ወጪውን አሠሪው ይሸፍናል። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይህን በግልጽ ማሳወቅ፣ መሥራት ለሚፈልገውም መነሻ ብድርና መሥሪያ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። በር የሌለው ልጅ በባሕር መስኮት ይወጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ በየቤታችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ልጃችሁን አስቀምጡና «ለመሄድ አስበሃል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። አዎ ካለ አትጩኹበት። «ጀልባውን አይተኸዋል?» በሉት። አላየውም። ያላየውን ጀልባ እንዳይሳፈር ለማድረግ ጊዜው አሁን ነው፤ ባቲን ካለፈ አይቆያችሁም።