«ልጃችን ደህና ነው» ማለት ልጁን አይረዳውም



በቂርያት ጋት በየቤቱ እያለ ሰው ስለማያወራው ነገር ልንነግራችሁ ነው። ልጁ ከጻባ ተመልሷል፤ እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ሌሊት ግን አይተኛም፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፣ ሰርግም ለቅሶም አይሄድም፣ ሥራ ገብቶ በወሩ ይወጣል። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም። ሐኪሞች ፖስት ትራውማ የሚሉት የጦርነት ቁስል ነው።

እንዲህ ያለው ወታደር ጉዳዩ የሚታየው በቢቱዋህ ሌኡሚ ሳይሆን በመከላከያ ሚኒስቴር አጋፍ ሺኩም ነው። ጉዳቱ በአገልግሎት የመጣ መሆኑ ከታወቀለት በኋላ፣ የሐኪሞች ቫዓዳ መርምሮ ስንት አሁዝ እንደሆነ ይወስናል። ከ10 እስከ 19 አሁዝ የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ ከ20 ጀምሮ ግን በየወሩ ይከፈላል። ቁጥሩ አነሰ የሚል ሰው ወደ ላይኛው ቫዓዳ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይሄ ሕግ የሰጠው መብት እንጂ ልመና አይደለም።

ቁጥሩ ከሚያንስባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን ከእኛው ቤት ነው። ልጆቻችንን በጨዋነት፣ ገመና እንዳያወጡ አድርገን አሳደግናቸው። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ሀኮል በሴዴር፣ ባሩክ ሀሼም» ብሎ ይወጣል። ቫዓዳው የሚጽፈው የሰማውንና በወረቀት ያየውን ነው። ሌሊቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ለይግባኙ ከሥነ አእምሮ ሐኪም ወረቀትና ከሥራው ማስረጃ ጋር የእናንተም ቃል ይግባ። ስንት ሌሊት እንደማይተኛ፣ ከማን እንደተለየ፣ ስንት ሥራ እንደተወ በአማርኛ ንገሩን፤ እኛ እንተረጉማለን። የይግባኙ ጊዜ አጭር ነውና ደብዳቤው ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ወይም የጻባ ጉዳተኞች ማኅበርን አማክሩ፤ የላይኛው ቫዓዳ ቁጥሩን ሊቀንስም ይችላልና።

«ስሙ ይጠፋል፣ ትዳር አያገኝም» የምትሉ አላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባናል። ግን ኢጺክ ሳዕዲያንን አስታውሱ። በ2014 በጋዛ ሹጃዒያ ተዋግቶ ተመለሰ፤ የታወቀለት 25 አሁዝ ሲሆን እሱ 50 ይጠይቅ ነበር። በአፕሪል 2021 በፔታህ ቲክቫ በአጋፍ ሺኩም ቢሮ ፊት ራሱን አቃጠለ። ነፍሱ ተረፈ፤ «ነፈሽ አሐት» የተባለው ማሻሻያም ከዚያ በኋላ መጣ። ይሄ ትግል ለአንድ ወጣት ትከሻ ይከብዳል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ የቆሰለው በዝቷል፤ ወረፋውም ረዝሟል።

እናንተ በሱዳን የቀበራችኋቸውን ለዓመታት በሆዳችሁ ይዛችሁ ኖራችኋል። በእናንተ ጀርባ ታዝለን የመጣን ልጆች ይሄን እናውቃለን። ዛሬ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በአደባባይ እናለቅሳለን። ሐዘናችንን ማውጣታችን አላዋረደንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያላችሁን እናንተው ናችሁ።

ልጃችሁ ወደ ቫዓዳ ሲሄድ አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቫዓዳ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ኤራን በ1201 ደውሉ፣ ወይም ወደ እኛ ኑ።