ዕቃው የማን ነው? በጉምሩክ ቁልፍ ሥር ስላለው የነጋዴ ንብረት



ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ ባሕር በር ብዙ ይባላል። ስለ መርከብና ስለ ሰንደቅ ዓላማ ይወራል፤ ወደብ ላይ ተቆልፎ ስለቀረው የነጋዴ ዕቃ ግን የሚያነሳ የለም። እኛ የምንጀምረው ከዚያ ነው።

ከ1985 ዓ.ም. በኋላ አሰብ በሌላ አገር ሥር ብትሆንም ገቢ ዕቃችን በብዛት የሚራገፈው እዚያው ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአፋሯ ቡሬ ግንባር ሆነች (ከጎጃሟ ቡሬ ጋር የሚያገናኛት ስሟ ብቻ ነው)። በአሰብና በምጽዋ መጋዘኖች የነበረው የመንግሥትና የግል ንብረትም እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት የካሣ ጥያቄ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። አንቀጽ 5ን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ነጋዴው በራሱ ስም ከሳሽ መሆን አይችልም፤ የሚጠይቅለት መንግሥት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቀረበ ጥያቄም ቀሪ ይሆናል። ገንዘቡን ያፈሰሰው ሰው የገዛ ንብረቱ ሲሟገቱበት ከደጅ ቀረ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የወደቦቹን ጥያቄ ውድቅ አደረገው። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከ174 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ሲወስን ለወደብ ዕቃ የተቆረጠ አንድ ሳንቲም አልነበረበትም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የተፈረመው የሰላም መግለጫም ስለ ንብረቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በጎረቤት የደረሰብንን በደል አገር ውስጥ መድገም ግን ምን ይባላል? ቦንድድ መጋዘን ማለት ዕቃው ቀረጥ ሳይከፈልበት በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር የሚቆይበት ቦታ ነው። ባለቤቱ ወይ ቀረጡን ከፍሎ ያስገባዋል፣ ወይ መልሶ ወደ ውጭ ይልከዋል። ጠቡ የሚነሳው መመሪያ በመካከል ሲለወጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ተከለከለ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመልሶ ተፈቀደ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ። ክልከላው ሲወጣ መንገድ ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ዕጣው ምንድን ነው? የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መልሶ መላክን ያውቀዋል። ነገር ግን ነጋዴው ፈቃድ ሲለምን ቀኑ ይሄዳል፤ ቀኑ ካለፈ ዕቃው «የተተወ» ተብሎ ለሐራጅ ይወጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንብረትን፣ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ያረጋግጣል። ከተሸጠ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ ምን ይፈይዳል?

መልሶ መላክ ለኮንትሮባንድ በር ይከፍታል ይሉናል። አደጋው የለም አንልም። ማሸጊያው፣ የባንክ ዋስትናውና የድንበር መውጫ ማረጋገጫው የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። አጭበርባሪ ይኖራል ተብሎ ሐቀኛው ሊወረስ አይገባም።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ አስመጪ ነው የሚል ካለ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠውን የመራዊ ባለሱቅ ይጠይቅ። አስመጪው የከሰረውን የሚያካክሰው ከሱቁ ዋጋ ላይ ነው፤ የሚከፍለውም ቤቱን የሚሠራው ሰው ነው።

ስለዚህ ድምፃችሁን ከሰጣችሁን፣ ከክልከላ በፊት የተገዛ ዕቃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያለ ውርስ ተመልሶ እንዲወጣ፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ሐራጁ እንዲታገድ አዋጁን እናሻሽላለን። ዛሬ ነጋሪት ጋዜጣ ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያወጣው በአብዛኛው «ጸድቋል» የሚለውን አጭር አዋጅ ብቻ ነው። የወደብ ስምምነት ሙሉ ቃሉ እንዲታተም፣ የዕቃው ባለቤትም በራሱ ስም ወደ ግልግል ዳኞች የሚቀርብበት አንቀጽ እንዲገባበት እናደርጋለን፤ ይህ የሌለበት ውል ለምክር ቤት ሲቀርብ ተመራጮቻችን አያጸድቁትም።