ቫይረሱ ከመኖው ይፈለግ፣ ከብቱ ግን አይታገድ

እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ ቦሜት አካባቢ የበቆሎ ማሳ ያለወቅቱ ይደርቅ ጀመር። የጂኖም ቅደም ተከተል ምርመራ ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ተባብረው እንደሚያጠፉት አሳየ። በ2014 በሽታው በኢትዮጵያም ታየ። ኋላም በዚሁ ዓይነት ምርመራ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ሌላ ቫይረስ ተለየ፤ ይኸኛው ማሽላንም ያጠቃል።

«ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው» የሚል ነጋዴ ካለ፣ አገዳ ሲወደድ በሬውን በማቆያ የሚቀልብበትን የአንድ ቀን ወጪ ያስላ። ትርፉ የሚያልቀው እዚያ ነው።

እነዚህ ቫይረሶች ተክል እንጂ ከብት አያሳምሙም። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ ይምጣ እላለሁ። በየኬላው ከከብቱ ጋር ከሚጫነው አገዳና ሣር ናሙና ይወሰድ፤ ውጤቱም ለጎረቤት አገር ሳይዘገይ ይድረስ። ናሙና የሰጠ ነጋዴ ደግሞ መኖው ቢወገድበት እንኳ ከብቱ እንደማይያዝበት በጽሑፍ ዋስትና ያግኝ።

ዋስትናው ከሌለ ነጋዴው መኖውን ከኬላው በፊት ያራግፋል፤ ላቦራቶሪውም ባዶ እጁን ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እንዲደብቅ ያስገደደውም ከወቀሳ አያመልጥም።