ክንፉ ሕንፃ ሲመታ ጥፋቱ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ በተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ተሰብስበን ሳለን፥ ከምሕንድስና ክፍል የሆነ አንድ ጓደኛችን ፎቶግራፍ አሳየን። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ግዙፍ አይሮፕላን ቆሟል፤ የቀኝ ክንፉ እንደ ቢላዋ የጡብ ሕንፃ ውስጥ ተሰክቷል። ብዙዎቻችን ሳቅን። ባሕርና በረሓ አቋርጦ የሚበር ነገር ገና ከምድር ሳይነሣ ከቤት ግድግዳ ጋር መጋጨቱ እንደ ቀልድ ታየን። ከሕግ ክፍል የሆነው ወንድማችን ግን ሳይስቅ፥ «ነጂው መንገድ ስቷል፤ ከሥራው ይሰናበት፤ ነገሩም በዚህ ያልቃል» ብሎ ፈረደ። ያን ማታ ፍርዱን የተቃወመ ከመካከላችን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ጉዳዩ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ሰንብተን፥ በችኰላ የፈረድን መሆናችንን ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ወደዚህ መጽሔት ያመጣነውም ስለዚህ ነው።

አደጋው የደረሰው በደቡብ አፍሪካ፥ በጆሃንስበርግ በኦሊቨር ታምቦ የአይሮፕላን ጣቢያ፥ በ2006 ዓ. ም. ታኅሣሥ 13 ቀን፥ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዲሴምበር 22 ቀን ሌሊት ነው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ንብረት የሆነው ቦይንግ 747 አይሮፕላን 185 መንገደኞችንና 17 ሠራተኞችን ይዞ ወደ ለንደን ለመብረር ከመቆሚያው ተነሣ። አይሮፕላን ከመቆሚያው እስከ መንደርደሪያው በመንኰራኵር የሚሄድባቸውን መንገዶች ባለሙያዎቹ ታክሲ ዌይ ይሏቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም በፊደል ይጠራሉ። ከማማው ላይ የሚቆጣጠረው ሰው በብራቮ መንገድ እንዲሄዱ ለነጂዎቹ ነገራቸው። ብራቮ ግን አንድ ስፍራ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚቀጥለው ማይክ የሚባል ጠበብ ያለ ሌላ መንገድ ነው። ነጂዎቹ መታጠፊያውን ስተው ቀጥ ብለው ማይክ ውስጥ ገቡ፤ ክንፉም በመንገዱ ዳር ያለውን የቢሮ ሕንፃ ገጭቶ ውስጡ ገባ። ከአይሮፕላኑ ውስጥ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በሕንፃው ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎች ግን ቀላል ጉዳት ደርሶባቸዋል። አይሮፕላኑም ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ይዞ አልበረረም።

የኛ የመጀመሪያ ስሕተት አይሮፕላንን እንደ አውቶቡስ ማሰባችን ነው። የከተማችን አውቶቡስ ነጂ የመኪናውን ጎንና ጎን በመስታወት ያያል፤ ወደ ኋላ ሲመለስም ረዳቱ ወርዶ፥ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ ብረቱን በመዳፉ ይመታለታል። የ747 ነጂ ግን ከምድር ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፥ ከግራና ከቀኙ 32 ሜትር ያህል የተዘረጋውን ክንፍ ጫፉን በሚገባ አያየውም፤ ክንፉ ወደ ኋላ የተጣለ ስለሆነ ጫፉ ከትከሻው በስተጀርባ በሩቅ ይቀራል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2004 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ እንዳስታወቀው፥ በእንደነዚህ ያሉት ትላልቅ አይሮፕላኖች ውስጥ ነጂው የክንፉን ጫፍ ለማየት ቢፈልግ መስኮቱን ከፍቶ ራሱን ወደ ውጭ ማውጣት አለበት። ረዳትማ አለ፤ ነገር ግን በመቆሚያው አጠገብ ብቻ ነው። አይሮፕላኑ ከመቆሚያው ከራቀ በኋላ «በቃ!» የሚል ሰው የለም።

እንግዲህ ነጂው የሚተማመነው በምንድን ነው? በመሬት ላይ በተቀባችው ቢጫ መሥመር ነው። የፊት መንኰራኵሩን በመሥመሯ ላይ እስከ ያዘ ድረስ ክንፉ ከምንም ነገር ጋር እንደማይጋጭ ቃል የገባለት ሰው አለ ማለት ነው። ቃሉን የገባው መሥመሩን የነደፈው መሐንዲስ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚወዱ ጓደኞቻችን ጥቂት ቢታገሡን መልካም ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አይሮፕላኖችን በክንፋቸው ስፋት ይመድባቸዋል። ክንፋቸው ከ36 ሜትር በታች የሆኑት እስከ ሲ ባሉት ምድቦች፥ ከ52 እስከ 65 ሜትር የሚደርሱት በኢ ምድብ፥ ከዚያ በላይ እስከ 80 ሜትር ያሉት በኤፍ ምድብ ውስጥ ናቸው። በዛሬው ደንብ መሠረት ለኢ በተሠራ መንገድ ላይ ከመካከለኛው መሥመር እስከ ማናቸውም ሕንፃ ወይም ምሰሶ ድረስ 43 ሜትር ተኩል መኖር አለበት፤ ለሲ በተሠራ መንገድ ላይ ግን 26 ሜትር ይበቃል። አሁን አንድ 747 ሌሊት መንገድ ተሳስቶ ለሲ ወደ ተሠራ መንገድ ገባ እንበል። ሕንፃው ከመሥመሩ 27 ሜትር ርቆ ቢቆም በሕግ የቆመ ነው። መሥመሩም በሕግ የተቀባ ነው። ነጂውም ከመሥመሩ አንድ ስንዝር አልሳተም። ክንፉ ግን 5 ሜትር ያህል ግድግዳው ውስጥ ይገባል! ሁሉም ሰው በየፊናው ልክ ሆኖ አደጋው ይደርሳል ማለት ነው፤ እኛን ያስደነገጠን ይህ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ነጂው መታጠፊያውን ለምን ሳተ የሚለው ነው። የደቡብ አፍሪካ መርማሪዎች ነጂዎቹን ነጻ አላወጧቸውም፤ እኛም ለማውጣት አንሞክርም። የሚሄዱበት መንገድ ከተነገራቸው በኋላ ካርታውን ዘርግተው መነጋገር ሲገባቸው አልተነጋገሩም፤ ያሉበትንም ስፍራ በልቡናቸው አጥተውት ነበር። ነገር ግን መርማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ስለ ብራቮ መንገድ አሠራርና በዚያ ላይ ሊያጋጥም ስለሚችለው አደጋ ነጂዎቹ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዳልነበራቸው፥ በጣቢያው መንገድ መሪ ምልክቶችና መብራቶችም ላይ ግራ የሚያጋባ ጉድለት እንደ ነበረ ገልጸዋል። ወንድማችን የሰጠው ፍርድ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ መጽሐፉን እንደ መዝጋት ነበር።

«ይህ ሁሉ ሐተታ ስለ አንድ ግድግዳ ነውን? በቀስታ የሚሄድ አይሮፕላን ማንን ገደለ?» የሚሉን ይኖራሉ። ለእነርሱ የሚላኖውን የሊናቴን ጣቢያ ነገር እናስታውሳቸዋለን። በ1994 ዓ. ም. መስከረም 28 ቀን ጧት ጣቢያው በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። አራት ሰዎች የያዘች አንዲት ትንሽ ሴስና አይሮፕላን አር 5 በሚባለው መንገድ እንድትሄድ ታዘዘች፤ እርሷ ግን አር 6 ውስጥ ገባች። ነጂው በምድር ላይ ያየውን ምልክት በሬዲዮ ሲናገር፥ ያ ምልክት በተቆጣጣሪው ካርታ ላይ ስላልነበረ፥ ተቆጣጣሪው አይሮፕላኗ የት እንዳለች ሊያውቅ አልቻለም። በጭጋግ ውስጥ የሚያሳየው የምድር ራዳርም አይሠራም ነበር። ትንሿ አይሮፕላን በቀስታ እየሄደች ወደ መንደርደሪያው ገባች፤ በዚያን ጊዜ 110 ሰዎች የያዘ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ አይሮፕላን ለመነሣት ይንደረደር ነበር። ተጋጩ። ትልቁ አይሮፕላን ከዚያ አልፎ የመንገደኞች ዕቃ የሚለይበትን ሕንፃ መታ፤ በውስጡ ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩ 4 ሰዎችም ሞቱ። በድምሩ 118 ነፍስ ጠፋ። ከሁለቱ አይሮፕላኖች የተረፈ አንድም ሰው የለም።

የሴስናው ነጂ ተሳስቷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ የሌለ ምልክት በአስፋልት ላይ ሲገኝ፥ ያን ምልክት ማን ቀባው? ማንስ ሳያየው ቀረ? ሻንጣ ሲለዩ የነበሩት አራቱ ሠራተኞች በየትኛው ጥፋታቸው ሞቱ?

አይሮፕላኑን የሚሠሩት ሰዎች እንኳ ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በ2003 ዓ. ም. ሰኔ ወር በፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ በተደረገው ታላቅ የአይሮፕላን ትርዒት፥ ሕዝብ ሊያየው የጓጓለት ኤርባስ ኤ380 በምድር ላይ ሲሄድ የክንፉን ጫፍ ከሕንፃ ጋር አጋጨ። የክንፉ ስፋት 80 ሜትር ለመሙላት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎም ሌላ ኤ380 በኒው ዮርክ ኬኔዲ ጣቢያ የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ጭራ መትቶ እንደ እንዝርት አዙሯት ነበር።

መድኀኒት አልጠፋም። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ቦርድ የክንፍ ጫፍ በማይታይባቸው አይሮፕላኖች ላይ እንደ ካሜራ ያለ መሣሪያ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቧል። በለንደን ሂትሮውና በሲንጋፖር ቻንጊ ደግሞ በመንገዱ መካከል የተተከሉት አረንጓዴ መብራቶች አይሮፕላኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ እየበሩ ይመሩታል፤ ነጂው የብርሃኑን ፈለግ መከተል ብቻ ነው ሥራው። ቦይንግም አዲሱን 777-9 ሲነድፍ የክንፉ ጫፍ እንዲታጠፍ አደረገ፤ ተዘርግቶ ከ71 ሜትር በላይ የሆነው ክንፍ ሲታጠፍ ከ65 ሜትር በታች ይሆናል። ከላይ ያልነው የኢ ምድብ ወሰን 65 ሜትር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ይህን ዓይነት አይሮፕላን ለመግዛት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ. ም. ስለተስማማ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አገራችን ከዚህ በፊትም አይቶታል። ጄት አይሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃውም፤ ስለዚህ ቦሌ ተሠራ። ቦሌም ዙሪያው በከተማ ተከቦ ሲጠብብ፥ በቢሾፍቱ አጠገብ ሌላ ታላቅ ጣቢያ ታቀደ። ሜዳውን ማስፋት ለሁሉም የሚታይ ሥራ ነው፤ መሪ ይመርቀዋል፥ ጋዜጣ ፎቶግራፉን ያወጣዋል። መሥመሩ ሲደበዝዝ እንደገና መቀባቱ፥ የተቃጠለው አምፑል በማግሥቱ መለወጡ፥ አዲስ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ካርታው መታረሙ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም። እኛም ተማሪዎቹ ብንሆን ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለንም። በምሕንድስና ክፍል ካሉት ጓደኞቻችን መካከል ሞተር መንደፍ የሚመኝ፥ ድልድይ መሥራት የሚመኝ ሞልቷል፤ ምልክት ሰሌዳ የት እንደሚቆም አጥንቼ ለመመረቂያ ጽሑፌ አቀርባለሁ ያለ ግን እስካሁን አልሰማንም። እንዲያውም አንዱን ብንጠይቀው፥ «እርሱማ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው» ብሎ አሳቀን። በሊናቴ የጠፋው ነገር ግን ያ የቀለም ቀቢው ሥራ ነበር።

ለሕግ ተማሪው ወንድማችን ይህን ሁሉ ባነበብንለት ጊዜ እንደ ልማዱ ቶሎ አልፈረደም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «በእኛ አገር ምልክቱ ትክክል ነው ብሎ የሚፈርመው ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። ከመካከላችን የመለሰለት አልነበረም። ስለዚህ ከምሕንድስናና ከሕግ ክፍል የተውጣጣን ስድስት ተማሪዎች፥ መንገዶቹንና ምልክቶቹን ለመጐብኘት እንዲፈቀድልን ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ ጽፈናል። ጉብኝቱ በቀን ሳይሆን በማታ እንዲሆንልን ነው የጠየቅነው።